2,147,483,647ን በወረቀትና በእስክሪብቶ መመርመር፦ ትልቅ ቁጥር ሲያጋጥማችሁ ከየት ትጀምራላችሁ?

ትልቅ ቁጥር ሲሰጠን ብዙዎቻችን የምናደርገው ተመሳሳይ ነው። ለ3 እንሞክራለን፣ ለ7 እንሞክራለን፣ ለ11፣ ለ13... ከዚያ ይሰለቸናል፣ ስልካችንን እናወጣለን። እዚህ የማሳያችሁ መንገድ ማካፈልን ወደ መጨረሻ ያቆያል። መጀመሪያ ቁጥሩን እንዴት እንደተጻፈ እናያለን፣ ከዚያ ጎረቤቶቹን እናያለን፣ ከዚያ ምን ዓይነት አካፋይ ሊኖረው እንደሚችል እንጠይቃለን። ይህን ያደረገ ሰው በሺዎች የሚቆጠር ማካፈል ይቀርለታል። ይህ ማጋነን አይደለም፣ ከታች በቁጥር ታዩታላችሁ።

ለልምምድ የመረጥኩት 2,147,483,647 ነው። ፕሮግራም የምትጽፉ በደንብ ታውቁታላችሁ። የማታውቁትም ብትሆኑ ችግር የለም፣ የሚያስፈልጋችሁ ማባዛትና ማካፈል ብቻ ነው። ወረቀት፣ እስክሪብቶ፣ ለማረጋገጫ ደግሞ የስልክ ካልኩሌተር ያዙ።

1. በሁለት በሁለት ቤት ክፈሉት

በኮማ የተጻፈው በሦስት በሦስት ቤት ነው። እናንተ ግን መጀመሪያ ከቀኝ ጀምራችሁ በሁለት በሁለት ክፈሉት፦ 21 | 47 | 48 | 36 | 47። ይህ አከፋፈል ለእኛ እንግዳ አይደለም። የግዕዝ ቁጥር ለሺህ የራሱ ምልክት የለውም፣ ከ፻ ቀጥሎ ያለው ፼ ነው፣ ስለዚህ ማንኛውም ትልቅ ቁጥር በግዕዝ ሲጻፍ በራሱ ጊዜ በጥንድ ይሰበራል። የኛ ቁጥር እንዲህ ይሆናል፦ ፳፩፼፵፯፻፵፰፼፴፮፻፵፯። በ፻ እና በ፼ ምልክቶች መካከል ያሉትን ጥንዶች ቁጠሯቸው፤ 21፣ 47፣ 48፣ 36፣ 47።

አሁን ጥንዶቹን ደምሩ። 21 + 47 + 48 + 36 + 47 = 199። እንደገና በጥንድ፦ 1 + 99 = 100፣ እንደገና 1 + 00 = 1። ይህ 1 ቁጥሩ ለ99 ሲካፈል የሚቀረው ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ 100 ማለት 99 + 1 ስለሆነ እያንዳንዱ መቶ ለ99 ሲካፈል 1 ይቀረዋል። 99 ደግሞ 9 × 11 ነው። ስለዚህ በአንድ ድምር ሁለት ነገር አወቅን፦ ቁጥሩ ለ3 (ለ9ም) አይካፈልም፣ ለ11ም አይካፈልም፣ በሁለቱም 1 ይቀራል።

ያንኑ ጥንድ ከቀኝ ጀምራችሁ አንዴ ደምሩ አንዴ ቀንሱ፦ 47 − 36 + 48 − 47 + 21 = 33። ይህ ለ101 ሲካፈል የሚቀረው ነው። 101ም ወጣ።

ወደ ሦስት ቤቱ ተመለሱ፣ እንደዚሁ እያፈራረቃችሁ፦ 647 − 483 + 147 − 2 = 309። ይህ ለ1,001 የሚቀረው ነው፣ 1,001 ደግሞ 7 × 11 × 13። 309 ለ7 ሲካፈል 1፣ ለ11 ሲካፈል 1፣ ለ13 ሲካፈል 10 ይቀረዋል። የ11ዱ ቀሪ ከላይ ካገኘነው ጋር መመሳሰሉን ልብ በሉ፤ ሁለት መንገድ አንድ መልስ ከሰጠ ሒሳባችሁ ጤነኛ ነው።

የመጨረሻው አኃዝ 7 ስለሆነ ለ2 እና ለ5 አይካፈልም። ደግሞም የትኛውም ስኩዌር (ሙሉ ቁጥር በራሱ ሲባዛ የሚገኘው) በ7 አያልቅም፣ ስለዚህ ቁጥሩ የሙሉ ቁጥር ስኩዌር ሊሆን አይችልም። ይህን ለማወቅ ሥሩን ማውጣት እንኳ አላስፈለገም።

2. ጣራውን እወቁ

አንድ ቁጥር አካፋይ ካለው ትንሹ አካፋዩ ከስኩዌር ሩቱ አይበልጥም። 46,340 × 46,340 = 2,147,395,600፣ የኛ ቁጥር ትንሽ ይበልጠዋል። 46,341 × 46,341 = 2,147,488,281፣ ይህ አለፈው። ስለዚህ ጣራችን 46,340 ነው። እስከዚያ ድረስ ያሉት ብቸኛ ቁጥሮች (ፕራይም የምንላቸው፣ ከ1 እና ከራሳቸው በቀር አካፋይ የሌላቸው) ከ4,700 በላይ ናቸው። ያንን ሁሉ በእጅ ማካፈል የሚያስብ ሰው ካለ ትንሽ ይታገስ።

3. ጎረቤቶቹን አንኳኩ

ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ደረጃ ነው፣ እኔ ግን ከሁሉም በላይ የምወደው ይህን ነው። በቁጥሩ ላይ 1 ጨምሩ፣ ከቁጥሩ 1 ቀንሱ፣ ሁለቱንም መርምሩ።

ሲጨመር 2,147,483,648። ተጋማሽ ነው፣ እየገመሳችሁ ሂዱ፦ 1,073,741,824፣ 536,870,912፣ 268,435,456... በ11ኛው ግምሻ 1,048,576 ላይ ትደርሳላችሁ። እሱ 1,024 × 1,024 ነው፣ 1,024 ደግሞ 2^10፣ ማለትም አሥር 2ቶች ሲባዙ (10 አርቢው ይባላል)። ስለዚህ ጠቅላላው 2^31 ነው። ቁጥራችን ራሱን ገለጠ፦ 2^31 − 1።

ይህ ዓይነቱ ቁጥር የመርሴን ቁጥር ይባላል። ማሪን መርሴን የፈረንሳይ መነኩሴ ነበር፣ በ1644 እ.ኤ.አ. እስከ 257 ባሉ አርቢዎች የትኞቹ ብቸኛ ቁጥር እንደሚሰጡ ዝርዝር አወጣ። 31 በዝርዝሩ ውስጥ አለ። 67 እና 257ም አሉ፣ እነሱ ግን ስህተት ናቸው። 61፣ 89 እና 107ን ደግሞ ዘሏቸዋል። ስለዚህ የመርሴን ዝርዝር ላይ መኖር ማስረጃ አይሆንም፣ ራሳችን ማረጋገጥ አለብን።

ሲቀነስ 2,147,483,646። ይህ 2 × (2^30 − 1) ነው። 2^30 − 1 የሁለት ስኩዌሮች ልዩነት ስለሆነ ወዲያው ይሰነጠቃል፦ (2^15 − 1) × (2^15 + 1)፣ ማለትም 32,767 × 32,769። የመጀመሪያው 7 × 31 × 151፣ ሁለተኛው 9 × 11 × 331። ስለዚህ የታችኛው ጎረቤት ሙሉ ዝርዝር ይህ ነው፦ 2 × 3 × 3 × 7 × 11 × 31 × 151 × 331። ከላይ ለ7፣ ለ9 እና ለ11 ስናካፍል ሁሌ 1 ይቀር የነበረው ለምን እንደሆነ አያችሁ? ይህን ዝርዝር አስቀምጡት፣ ቆይቶ ያስፈልጋል።

4. አካፋይ ሊሆኑ የሚችሉትን አጥሩ

እዚህ ቀስ በሉ፣ የመመሪያው እምብርት ይህ ነው።

ቀ የሚባል ብቸኛ ቁጥር 2^31 − 1ን ያለ ቀሪ ያካፍለዋል እንበል። ያ ማለት 2^31 ለቀ ሲካፈል 1 ይቀራል ማለት ነው። 2ን በራሱ እያባዛን ለቀ ስናካፍል ቀሪዎቹ ዙር ይሠራሉ፣ በየተወሰነ እርምጃ ወደ 1 ይመለሳሉ። የዙሩ ርዝመት 31ን ማካፈል አለበት። 31 ብቸኛ ቁጥር ነው፣ ስለዚህ ርዝመቱ 1 ወይም 31 ነው፣ 1 ደግሞ ሊሆን አይችልም። በሌላ በኩል ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ፌርማ በ1640 እ.ኤ.አ. ያስቀመጠው ሕግ አለ፦ ቀ ጎዶሎ ብቸኛ ቁጥር ከሆነ 2^(ቀ − 1) ለቀ ሲካፈል ሁሌም 1 ይቀራል። ስለዚህ 31 የግድ ቀ − 1ን ያካፍላል። ቀ ጎዶሎ ስለሆነ ቀ − 1 ለ2ም ይካፈላል። ውጤቱ፦ ቀ የግድ 62 × መ + 1 መልክ አለው። መ ማንኛውም ሙሉ ቁጥር ነው።

አንድ ማጥሪያ ጨምሩ። 2^31 ለቀ ሲካፈል 1 ከቀረ 2^32 ሲካፈል 2 ይቀራል። 2^32 ደግሞ የ65,536 ስኩዌር ነው። አንድ ስኩዌር ለአንድ ጎዶሎ ብቸኛ ቁጥር ሲካፈል 2 ሊቀር የሚችለው ያ ብቸኛ ቁጥር ለ8 ሲካፈል 1 ወይም 7 ሲቀረው ብቻ ነው። ይህ የታወቀ ሕግ ነው፣ እንዳለ ተጠቀሙበት።

ሁለቱን ማጥሪያዎች ስታጋጥሙ ቀ ከሁለት መልክ አይወጣም፦ 248 × መ + 1 ወይም 248 × መ + 63። እስከ 46,340 ብትቆጥሩ የመጀመሪያው ዓይነት 186፣ የሁለተኛው 187 ነው። 63 ራሱ 7 × 9 ስለሆነ ይወጣል፣ 372 ይቀራሉ። ከእነሱም አብዛኞቹ ብቸኛ አይደሉም።

በቅርበት እንየው። ከ1,000 በታች 168 ብቸኛ ቁጥሮች አሉ። ከእኛ ዝርዝር ውስጥ ከ1,000 በታች ያሉት 249፣ 311፣ 497፣ 559፣ 745፣ 807፣ 993 ናቸው። 249 = 3 × 83። 497 = 7 × 71። 559 = 13 × 43። 745 በ5 ያልቃል። 807 እና 993 ለ3 ይካፈላሉ። የተረፈው 311 ብቻ ነው! ከ168ቱ አንድ። እስከ 2,500 ድረስ ብትቀጥሉ የሚጨመሩት 1,303 እና 1,489 ብቻ ናቸው።

የሒሳብ ሊቁ ሌዎናርድ ኦይለር ይህን ቁጥር ያሸነፈው በዚህ መንገድ ነው። በ1772 እ.ኤ.አ.፣ ዓይኖቹ ማየት ባቃታቸው ዘመን፣ 2^31 − 1 ብቸኛ ቁጥር መሆኑን በደብዳቤ አሳወቀ። ከእሱ በፊት ጣሊያናዊው ካታልዲ 2^17 − 1 እና 2^19 − 1ን ተራ በተራ እያካፈለ አረጋግጦ ነበር። ካታልዲ በዚያው ልፋት ወደ 31 ሊዘልቅ አይችልም ነበር፣ ኦይለር ግን ልፋቱን ቀነሰ።

5. ሳታካፍሉ ፈትኑ

ለቀሩት እጩዎችም ባለ አሥር አኃዙን ቁጥር ማካፈል አያስፈልግም። ከላይ ያለውን አስታውሱ፦ ቀ አካፋይ ከሆነ 65,536 × 65,536 ለቀ ሲካፈል 2 ይቀራል። ስለዚህ ሥራው ሁለት እርምጃ ብቻ ነው። 65,536ን ለቀ አካፍላችሁ ቀሪውን ያዙ። ቀሪውን በራሱ አባዝታችሁ እንደገና ለቀ አካፍሉ። 2 ካልቀረ ያ እጩ ወድቋል።

311፦ 65,536 ለ311 ሲካፈል 226 ይቀራል። 226 ከ311 በ85 ስለሚያንስ በ226 ፈንታ 85ን በራሱ ማባዛት ይቻላል፣ ስኩዌር ሲደረግ የመቀነስ ምልክቱ ይጠፋል። 85 × 85 = 7,225፣ ለ311 ሲካፈል 72 ይቀራል። 2 አይደለም፣ ወደቀ።

1,303፦ ቀሪው 386። 386 × 386 = 148,996፣ ቀሪው 454። ወደቀ።

1,489፦ ቀሪው 20 ብቻ። 20 × 20 = 400። ወደቀ።

እያንዳንዱ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ይህን እስከ ጣራው ድረስ የቀጠለ ሰው አንድም የሚያልፍ እጩ አያገኝም፣ ስለዚህ 2,147,483,647 ብቸኛ ቁጥር ነው።

ዘዴው ሁሌ "ወደቀ" ብቻ እንዳይመስላችሁ በ2^29 − 1 ሞክሩት፣ 536,870,911 ማለት ነው። አካፋዮቹ 58 × መ + 1 መሆን አለባቸው። 59 ለ8 ሲካፈል 3 ይቀረዋል፣ አይሆንም። 117 እና 175 ብቸኛ አይደሉም። ቀጣዩ 233 ነው፣ ለ8 ሲካፈል 1 ይቀረዋል፣ ያልፋል። አሁን 2^8 = 256፣ ለ233 ቀሪው 23። 2^16 የ23 ስኩዌር ነው፣ 529፣ ቀሪው 63። 2^24 ማለት 63 × 23 = 1,449፣ ቀሪው 51። 2^29 ማለት 51 × 32 = 1,632፣ እሱም 233 × 7 + 1። ቀሪው 1! 233 አካፋይ ነው፣ በመጀመሪያው ብቁ እጩ ተገኘ። ሙሉው 233 × 1,103 × 2,089 ሲሆን ሦስቱም ከ58 ብዜት በ1 ይበልጣሉ፣ አረጋግጡ።

6. ኮምፒውተር ካላችሁ የሉካስ እና የሌመር ፈተና

አርቢው ከፍ ሲል የእጩዎች ዝርዝርም አይቻልም። ያኔ ኤዱዋርድ ሉካስ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የጀመረው፣ ዴሪክ ሄንሪ ሌመር በ1930 እ.ኤ.አ. ያስተካከለው ፈተና አለ። በ4 ጀምሩ። በራሱ አባዙት፣ 2 ቀንሱ፣ ለመርሴን ቁጥሩ አካፍላችሁ ቀሪውን ያዙ፣ እንደገና። ይህን ከአርቢው 2 ያነሰ ጊዜ ደጋግሙ። መጨረሻ ላይ 0 ከመጣ ብቸኛ ነው፣ ካልመጣ አይደለም።

በ127 (2^7 − 1) አምስት ጊዜ ነው፦ 4፣ 14፣ 67፣ 42፣ 111፣ 0። አለፈ። ለ2^31 − 1 ደግሞ 29 ጊዜ ነው፣ ቁጥሮቹ ስለሚረዝሙ በእጅ አልመክርም፣ በፓይተን (የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ነው) ግን ጥቂት መስመር ነው። ኮምፒውተሩ እዚህ ማካፈልም አያስፈልገውም፤ 2^31 ከቁጥራችን በ1 ብቻ ስለሚበልጥ በባይነሪ (በ0 እና በ1 ብቻ) የተጻፈውን በ31 በ31 ቤት ቆርጦ ይደምራል። በ99 ጥንዶቹን እንደደመርነው ማለት ነው፣ ሐሳቡ አንድ ነው። በጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው 41,024,320 አኃዝ ያለው 2^136,279,841 − 1ም ብቸኛነቱ የተረጋገጠው በዚሁ ፈተና ነው።

7. አሁን ባሕርያቱን አንብቡ

ብቸኛነቱ ከታወቀ የቀረው ይፈጥናል። አካፋዮቹ ሁለት ናቸው፣ 1 እና ራሱ። የአካፋዮቹ ድምር 2^31። በባይነሪ ሲጻፍ 31 ጊዜ 1 ብቻ ነው። ለ4 ሲካፈል 3 ስለሚቀረው የሁለት ስኩዌሮች ድምር ሊሆን አይችልም። የአራት ስኩዌሮች ድምር ግን ይሆናል፣ ላግራንዥ በ1770 እ.ኤ.አ. ይህ ለሁሉም ሙሉ ቁጥር እንደሚሠራ አረጋግጧል።

ፍጹም ቁጥርም ይወልዳል። ፍጹም ቁጥር ማለት ከራሱ በቀር ያሉት አካፋዮቹ ተደምረው ራሱን የሚሰጡ ነው፣ እንደ 28፦ 1 + 2 + 4 + 7 + 14። 28 ማለት 4 × 7 ነው፣ 7 የመርሴን ብቸኛ ቁጥር ነው፣ 4 ደግሞ ከ7 በላይ ያለው የ8 ግማሽ። ዩክሊድ ይህን መንገድ ለሁሉም አሳይቷል። ስለዚህ 2^30 × 2,147,483,647 = 2,305,843,008,139,952,128 ፍጹም ቁጥር ነው፣ ከትንሹ ሲቆጠር ስምንተኛው።

ያስቀመጣችሁትን የታችኛውን ጎረቤት ዝርዝር አሁን አውጡ። 2ን እያባዛን ለቁጥራችን ስናካፍል ዙሩ 31 እርምጃ ብቻ ነው። በ7 ብንጀምር ግን ዙሩ 2,147,483,646 እርምጃ ይረዝማል፣ ከ1 ጀምሮ ከቁጥሩ በታች ያሉትን ቀሪዎች ሁሉ ሳይደግም ይዞራል። ይህን ለማረጋገጥ ቢሊዮኖች እርምጃ መሄድ የለባችሁም፤ 2,147,483,646ን በየተራ ለ2፣ ለ3፣ ለ7፣ ለ11፣ ለ31፣ ለ151 እና ለ331 አካፍላችሁ 7ን ወደዚያ አርቢ ስታወጡት በአንዳቸውም ላይ 1 አለመቅረቱን ማየት ይበቃል። ኮምፒውተሮች የዘፈቀደ ቁጥር ለማውጣት ለብዙ ዘመን የተጠቀሙበት አንዱ መንገድ ይኸው ነው፦ በ16,807 (7^5 ነው) አባዛ፣ ለ2,147,483,647 አካፍል፣ ቀሪውን ያዝ። በ1 ብትጀምሩ 16,807፣ ከዚያ 282,475,249፣ ከዚያ 1,622,650,073 ይመጣል።

8. ቁጥሩ የት እንደሚኖር እወቁ

ባለ 32 ቢት (ቢት 0 ወይም 1 የሚይዝ አንድ ቤት ነው) ኮምፒውተር አንዱን ቢት ለመደመርና ለመቀነስ ምልክት ሲያውል የሚይዘው ትልቁ ቁጥር 2,147,483,647 ነው። ብዙ ሲስተሞች ደግሞ ጊዜን የሚቆጥሩት ከጥር 1 ቀን 1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባለፉት ሰከንዶች ነው። ስለዚህ ሰከንዱ እዚህ ቁጥር ላይ ሲደርስ ቦታ ያልቃል። መቼ? በእኛ አቆጣጠር እናውጣው፣ በጣም ያምራል።

አንድ ቀን 86,400 ሰከንድ ነው። 2,147,483,647 ለ86,400 ሲካፈል 24,855 ቀን ይሰጥና 11,647 ሰከንድ ይቀራል። ያ 3 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ነው።

መነሻው በእኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ነው፣ በአዲስ አበባ ከሌሊቱ 9 ሰዓት። 68 ዓመት ስንጨምር 68 × 365 = 24,820 ቀን። ጳጉሜን 6 የምትሆንባቸው ዓመታት ከ1963 እስከ 2027 ድረስ 17 ናቸው፣ ስለዚህ 24,837። ይህ ታኅሣሥ 23 ቀን 2030 ዓ.ም. ላይ ያደርሰናል። 18 ቀን ይቀራል። ወራችን 30 ቀን ስለሆነ ታኅሣሥ 41 ማለት ጥር 11 ነው። ሰዓቱ ደግሞ ከሌሊቱ 9 ሲደመር 3 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ።

ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ። የጥምቀት ዕለት፣ ጃንሜዳ ላይ ታቦታቱ አድረው ሕዝቡ በተሰበሰበበት ማለዳ!

በሚቀጥለው ሰከንድ ያልተስተካከለ ሲስተም ወደ −2,147,483,648 ይገለበጣል፣ ቀኑንም ታኅሣሥ 4 ቀን 1894 ዓ.ም. ብሎ ያነባል፣ አፄ ምኒልክ ዙፋን ላይ የነበሩበት ዘመን ነው። አዳዲስ ስልኮችና ሰርቨሮች ባለ 64 ቢት ቆጣሪ ስለሚጠቀሙ አይነካቸውም። አሮጌ መሣሪያ የምታስተዳድሩ ግን ከአሁኑ ዝርዝር ያዙ።

9. ጎረቤቱ ምንም ካልነገራችሁስ?

ሁሉም ቁጥር በ2 ርቢ አጠገብ አይቀመጥም። ያኔ የፌርማን ሌላ ዘዴ ያዙ፦ ቁጥሩን የሁለት ስኩዌሮች ልዩነት አድርጋችሁ ጻፉት። ሀ² − ረ² ከሆነ (ሀ − ረ) × (ሀ + ረ) ተብሎ ይሰነጠቃል።

8,616,460,799ን ውሰዱ። እንግሊዛዊው የኢኮኖሚ ሊቅ ዊልያም ስታንሊ ጄቨንስ በ1874 እ.ኤ.አ. ይህን ቁጥር አቅርቦ፣ የትኞቹ ሁለት ቁጥሮች ተባዝተው እንደሰጡት ከእሱ በቀር የሚያውቅ ሰው መኖሩን ተጠራጥሮ ነበር። እኛ ግን በሦስት ሙከራ እናገኘዋለን።

ስኩዌር ሩቱ ከ92,824 ትንሽ ይበልጣል፣ ስለዚህ ሀ ከ92,825 ይጀምራል። ከመሞከራችሁ በፊት ግን ሀን አጥሩት። ቁጥሩ ለ8 ሲካፈል 7 ይቀረዋል። ስኩዌሮች ለ8 ሲካፈሉ የሚቀራቸው 0፣ 1 ወይም 4 ነው፣ ከእነሱ ልዩነታቸው 7 የሚሆነው 0 ሲቀነስ 1 ብቻ ነው (−1 እና 7 ለ8 አንድ ናቸው)። ስለዚህ ሀ ለ4 ይካፈላል። የአኃዞቹ ድምር 56 ነው፣ ለ3 ሲካፈል 2 ይቀረዋል፣ በዚሁ አካሄድ ሀ ለ3 ይካፈላል። አንድ ላይ፣ ሀ የ12 ብዜት ነው። የመጨረሻው አኃዝ 9 ደግሞ ሀ በ0፣ በ2 ወይም በ8 ማለቅ እንዳለበት ይነግረናል፣ ለ5 አካፍላችሁ አጣሩት።

ከ92,825 በላይ ያሉት የ12 ብዜቶች 92,832፣ 92,844፣ 92,856፣ 92,868፣ 92,880 ናቸው። በ4 እና በ6 የሚያልቁት ወጡ፣ ሦስት ቀሩ።

ከ92,832 ስኩዌር ላይ ቁጥራችን ሲቀነስ 1,319,425። ይህ በ1,148 እና በ1,149 ስኩዌሮች መካከል ይወድቃል፣ ስኩዌር አይደለም። የ92,868 ሲሆን 8,004,625፣ እሱም አይደለም። የ92,880 ሲሆን 10,233,601። ይህ 3,199 × 3,199 ነው! ስለዚህ 92,880 − 3,199 = 89,681 እና 92,880 + 3,199 = 96,079።

ዘዴው የፈጠነው ሁለቱ አካፋዮች ስለተቀራረቡ ነው። የባንክ መልእክት የሚመሰጥሩ ሰዎች ሁለት ግዙፍ ብቸኛ ቁጥሮች ሲያባዙ በጣም እንዳይቀራረቡ የሚጠነቀቁት ለዚህ ነው። ተራርቀው ቢሆን ሙከራው በመቶ ሺዎች ሊቆጠር ይችል ነበር።

ሁለቱም ብቸኛ መሆናቸውን ለማረጋገጥ ጣራቸውን አስሉ፦ አንዱ 299፣ ሌላው 309 ነው። ለ89,681 62፣ ለ96,079 ደግሞ 63 ብቸኛ ቁጥሮችን መሞከር ማለት ነው፣ ከሰዓት በኋላ ተቀምጣችሁ ትጨርሱታላችሁ።

ለራሳችሁ ደግሞ 8,388,607ን ሞክሩ። ጎረቤቱን እዩ፣ አርቢውን አውጡ፣ እጩዎቹን በቅደም ተከተል ጻፉ። ካታልዲ ብቸኛ ቁጥር ነው ብሎ አምኖ ነበር፣ ፌርማ ግን በ1640 እ.ኤ.አ. አካፋዩን አገኘ። የመጀመሪያውን እጩ በደንብ ፈትኑት።